ለስፔኖች የተማርኩት ጣሊያንኛ

ልጆቼን ሳሳድግ በቤቴ አንድ ሕግ ነበር፦ ሰው የሚጠቅመውን ይማር። ሥዕል የወደደውን ልጄን ኤሌክትሪክ አስተማርኩት። ዛሬም አልጸጸትም፤ መብራት ከሌለ ሥዕሉን ማን ያየዋል? እኔ ራሴ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ማንበብ የለመድኩት ሰበታ በከፈትኩት ጋራዥ ውስጥ፣ የመለዋወጫ ካርቶን ላይ የተጻፈውን እያየሁ ነው። ስለዚህ ትንሿ ልጄ ስፔናዊ ላገባ ነው ስትለኝ አልጮህኩም፣ አላለቀስኩም። ስፓኒሽ እማራለሁ አልኩ።

ልጄ የምትሠራው ሱሉልታ፣ የውጭ አገር ሯጮች በሚያርፉበት ቤት ነው። ስፔናዊው ልጅም ለልምምድ መጥቶ እዚያ ተዋወቁ። ሩጫው ይህን ያህል አይደለም፤ አየሩ ከብዶት የገበሬ ላሞች ይቀድሙታል ትላለች እየሳቀች። ስፓኒሹን ከእሱ ተማረች። ከዚያ ወላጆቹ ከአገራቸው መጥተው፣ በእኛ ወግ ሽማግሌ ሆነው ሊጠይቁን ተስማሙ።

"አባዬ፣ አንተን ምን አስጨነቀህ?" አለችኝ። "የምሠራበት ቤት ባለቤት፣ የሱሉልታው ኦቦ፣ አብረዋቸው ይመጣሉ። በአማርኛ ይናገሩላቸዋል።"

"ለእነሱ ይናገሩላቸው። እኔ አባትየውን የምጠይቀው ነገር አለኝ።"

"እኔ አስተረጉምልሃለኋ!"

"የምትጠየቅ ልጅ ሽማግሌ ፊት ቆማ ስታስተረጉም የት አገር አይተሻል? አንቺ ጓዳ ነሽ።"

ጥያቄዬ አንድ ነው። ልጄ በሰው አገር ከፍቷት ወደ ቤቷ ልመለስ ብትል፣ መንገዱን ይዘጉባታል ወይስ ይሸኟታል? እዚያ እናት የላት፣ እህት የላት። መልሱን ከሰውየው አፍ፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ መስማት ፈለግኩ።

ልጄ በስልኬ ላይ ቋንቋ የሚያስተምር ነገር ጫነችልኝ። "ኤል ጋቶ ቤቤ ሌቼ" ይላል። ድመቱ ወተት ይጠጣል ማለት ነው። እኔ ከድመት ጋር ጋብቻ የለኝም ብዬ ብዘለውም ተመልሶ ይመጣል። ከሙያዬ ልጀምር ብዬ ካቻቪቴ የሚለውን ፈለግኩ። ለካ በስፓኒሽ "ዴስቶርኒያዶር" ነው። ይህን ብሎ እስኪጨርስ ብሎኑ ይዝጋል።

አንድ ቀን ጣቴ ስቶ ጣሊያንኛ ከፈተ። "ላ ማኪና ኤ ሮታ" አለ ስልኩ። መኪናው ተበላሽቷል! ማንም ሳያስረዳኝ ገባኝ። ቀጠልኩ። ፍሬኖ ፍሬን ነው። ካንዴላ ካንዴላ ነው። ኮፋኖ ኮፈን ነው። ጥርሴን የነቀልኩበት፣ አማርኛ ነው ብዬ የኖርኩበት ቋንቋ ግማሹ ጣሊያንኛ ሆኖ ተገኘ። ፊደል ሳልቆጥር የተማርኩ ሰው መሆኔን ያን ቀን አወቅኩ። ከዚያ በኋላ ስፓኒሹን መክፈት አቃተኝ። እንደ ጎረምሳ ስልኩን በጋቢዬ ሸፍኜ መሾካሾክ ጀመርኩ።

"አንተ ሰውዬ፣ ከማን ጋር ነው?" አለች ባለቤቴ።

"ካንዴላ ነው፣ ተይኝ።"

"ካንዴላ ደግሞ ማናት?"

ነገሩ እንዲህ ሲሆን ቡራዩ ሄጄ ሀጂን አማከርኩት። ሀጂ መለዋወጫ የሚሸጥልኝ የድሮ ወዳጄ ነው፤ በሽምግልናውም ቀን በእኔ በኩል የሚቀመጠው እሱ ነው።

"ስፓኒሹ ይጠቅመኛል፤ የወደድኩት ግን ጣሊያንኛውን ነው" አልኩት።

"ካቻቪቴ አማርኛ አይደለም እንዴ?"

"አይደለም።"

"ፍሪሲዮንስ?"

"እሱም አይደለም።"

ሀጂ ሱቁን ዞር ዞር ብሎ አየ። "ወይ ጉድ! ዕድሜዬን ሙሉ ጣሊያንኛ ስሸጥ ኖሬያለኋ!" ትንሽ አሰበና ፈረደ፦ "ስፔንና ጣሊያን ጎረቤት አይደሉም? አንዱን የሚያውቅ ሌላው አይጠፋውም። ደስ ያለህን ተማር።"

ልጆቼን እንዲህ ብሎ የሚመክር ሰው ቢመጣ ከደጄ አባርረው ነበር። ሀጂን ግን አመስግኜ ተመለስኩ።

ቀኑ ደረሰ። በኪራይ መኪና መጡ። አባትየው ራሱ እየነዳ ግቢ ገብቶ የቤቱ በር ላይ አቆመው። ባልና ሚስቱ በዚያ ሙቀት ጋቢ ለብሰው ከኦቦ ኋላ ቆሙ። ተቀመጡ ካልተባላችሁ እንዳትቀመጡ ብለው ኦቦ አስጠንቅቀዋቸዋል። እኔ ደግሞ ጣሊያንኛዬን በሆዴ ስደረድር መናገሩን ረሳሁት። ላባቸው ጠብ ጠብ ይላል።

"ኧረ ተቀመጡ በላቸው!" የሚል የባለቤቴ ድምፅ ከጓዳ መጣ።

ተቀመጡ። ኦቦ "አካም ጅርቱ" ብለው ሰላምታ ሰጡ፤ በኦሮምኛ መርቀው በአማርኛ ጠየቁ። በወጉ "ተማክረን እንነግራችኋለን፣ ሌላ ቀን ተመለሱ" ነበር የምለው። የሰዎቹ አውሮፕላን ግን ነገ ነው። ተነሣሁ።

"ሚያ ፊሊያ" አልኩ። ልጄ ማለቴ ነው። እናትየው ፈገግ አለች፤ በረታሁ። ከዚያ ግን ማዘን የሚለው ጠፋኝ፣ ቤት የሚለው ጠፋኝ። አፌ ላይ የቀረው የጋራዡ ብቻ ነው። እጄን ወደ ፊት ገፋ አድርጌ "ማርሽ፣ ሲ" አልኩ። ትሂድ ማለቴ ነው። እጄን ወደ ኋላ ስቤ "ሬትሮማርሽ፣ ሲ?" አልኩ። መመለስስ ትችላለች ወይ?

የሰውየው ፊት በራ። "አ! ማርቻ አትራስ!" አለ፤ የኋላ ማርሽ ማለቱ ነው። ቁልፉን ከኪሱ አወጣና ወጣ። ሞተር ሲነሣ ሰማን። መኪናውን ወደ ኋላ እየነዳ ከግቢ አውጥቶ መንገድ ላይ አቆመው፤ ተመልሶም ደጃፉ ላይ ቆሞ ያየኝ ጀመር።

"ገብቶታል!" አለ ሀጂ።

"ምኑ ነው የገባው?" አሉ ኦቦ። "ከግቢህ አስወጣኸው እኮ! ልጄን አልሰጥም ማለትህ ነው?"

እናትየው ይህን አይታ ቦርሳዋን አንሥታ ቆመች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። የልጄን መመለሻ ላስጠብቅላት ብዬ ትዳሯን በሁለት ቃል ላፈርስባት ነው። ወጉን ትቼ ወደ ጓዳ ተጣራሁ።

ልጄ እጇን እየጠረገች መጣች። "ምን አልካቸው አባዬ?"

"ከከፋት እንድትመለስ ይፈቅዱላታል ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ።"

እጇን ጠርጋ ጨረሰች። ሽማግሌው ሁሉ ያያታል።

"ይሄ እነሱ የሚጠየቁት አይደለም" አለች። "እኔን ጠይቀኝ።"

"እሺ፤ ትመለሻለሽ?"

"ሲከፋኝ እመጣለሁ። ደስ ሲለኝም እመጣለሁ። ማንንም አላስፈቅድም። አሁን ሴትዮዋን አስቀምጣት፣ በአላህ በማርያም!"

"እንግዲህ ልጅቷ ራሷ ከጨረሰችው" አሉ ኦቦ እየሳቁ፣ "እኛ ለምን መጣን?"

እኔም ቆሜ "ሰጥቻለሁ" አልኩ፤ በአማርኛ።

ልጄ ወደ እንግዶቹ ዞራ ተረጎመችው። እኔ የተናገርኩት አንድ ቃል ነው፤ የእሷ ግን ረዘመ። ሰውየው እየሰማ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ፤ እናትየውም ቦርሳዋን አስቀመጠች። ምን እንደጨመረችበት አልጠየቅኋትም።