የማንጎ ተራ ቅጥር በረኛ

አሶሳ ገበያ ውስጥ ኳስ በመጫወት እንጀራ የበላሁ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። ከኔ በፊት የነበሩት የበሉት ክርን ነው።

ማንጎ ተራ ቡድን ሲያቋቁም ለተጫዋች የሚከፍለው ብር አልነበረውም። ለእኔ መግቢያው በር አጠገብ፣ ጥላ ሥር ያለውን መደብ ሰጠኝ። እዚያ የተቀመጠ ነጋዴ ደንበኛ አይጠራም፤ ገበያተኛው ራሱ ሲገባ ይሰናከልበታል። ውሉ አጭር ነው፦ እስከተጫወትክ ድረስ መደቡ ያንተ ነው። ወዲያው ተስማማሁ። ግጥሚያው ቅዳሜ ቅዳሜ መሆኑን የሰማሁት በኋላ ነው። ዋናው ገበያም ቅዳሜ ነው።

ገበያችን ሌላም ሕግ አለው፤ ሦስት ቅዳሜ ባዶ የዋለ መደብ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ስለዚህ መደቡን ለማግኘት መጫወት፣ እንዳልነጠቅ ደግሞ አለመጫወት ነበረብኝ።

ሁለት ቅዳሜ በተከላካይነት ተሰለፍኩ። ቡድኑ አሸነፈ፣ ማንጎዬ በሰበሰ። ሦስተኛው ቅዳሜ ከሳልባጅ ተራ ጋር የዋንጫ ጨዋታ ነበር። የተራችን አለቃ የበርታ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም ሼህ እንላቸዋለን። እሳቸው ዘንድ ሄድኩ።

«ሼህ፣ በረኛ አድርጉኝ።»

«ለምን? እግርህ ታሟል?»

«እግሬስ ደህና ነው። አንዱ ጎል ከመደቤ ሃያ እርምጃ ነው።»

ፂማቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ። «ወላሂ፣ አንተ ኳሱንም ትሸጠዋለህ» አሉና ፈቀዱ።

በመጀመሪያው አጋማሽ ኳሱ መሃል ሜዳ በሆነ ቁጥር ጓንቴን እንዳጠለቅኩ ሮጬ እየሄድኩ ሸጥኩ። የሳልባጅ ተራ ደጋፊዎች ከጎሉ ጀርባ ቆመው «በረኛ፣ የበሰለ አለ?» ይሉኛል። አንዱ የምር ደንበኛ መስሎኝ ዞር ስል ጎል ገባ።

ከእረፍት በኋላ ጎል ተቀያየርን። ዕድሜ ልኬን ኳስ ያየሁ ሰው ይህን እንዴት እንደረሳሁ ዛሬም አላውቅም። ከወዲያኛው ጎል ሆኜ ሳይ፣ አንድ ሰውዬ ካርቶን ሙሉ ማንጎ ተሸክሞ መደቤ ዙሪያ ያንዣብባል። ጎሉን ትቼ መራመድ ጀመርኩ።

«ወዴት ነው?» አለ አምበላችን።

«ወደ ሥራዬ።»

«ሥራህ ይሄ አይደል እንዴ!»

ጓንቱን አውልቄ፣ ሁለት ጨዋታ ተጠባባቂ ሆኖ ለከረመ አንድ የተራችን ነጋዴ ሰጠሁት። ሰውዬውን ከመደቤ አባረርኩ፣ ጥሩም ሸጥኩ። ቡድናችን ሁለት ለአንድ አሸነፈ።

ሼህ ዋንጫውን በብብታቸው ይዘው መጡ።

«ውላችን ምን ነበር?»

«እስከተጫወትኩ ድረስ።»

«ታዲያ ማን ተጫወተ?»

ማንጎዬን ወደ ካርቶን መመለስ ስጀምር አንዲት ሴትዮ መጥታ «ስንት ነው?» አለችኝ። ጓንቱን ገና ያላወለቀው ተጠባባቂያችን ቀደመኝና ከኔ ዋጋ አሳንሶ መለሰላት።