ከዘንገና ማዶ የነበረው ዘንባባ

ባለፈው ሳምንት፣ አትክልት የምንወድ ሰዎች በምንጻጻፍበት የቴሌግራም ቡድን ላይ አንድ የጥሊሊ ወጣት ፎቶ ለጠፈ። ቅጠሉ ከጫፉ ጀምሮ ተጨራምቶ የደረቀ የዘንባባ ችግኝ ነው። ከሥሩ «ባለፈው በጋ ውርጭ የፈጀብኝ ይኸውላችሁ፤ ብርድ የሚችል የዘንባባ ዘር ያላችሁ በፈለጋችሁት ዘር እለውጣለሁ» ብሎ ጽፏል።

መልስ ጀመርኩና ተውኩት። ዘሩ አለኝ። እንጅባራ ያለው ጓሮዬ ውስጥ የቆመው ዘንባባ ዘንድሮም አፍርቷል። ከእሱ ለማንም ሰጥቼ ግን አላውቅም። የነሐሴው ዝናብ ጣሪያውን ይደበድባል፤ እኔ ስልኬን እንደያዝኩ ሐሳቤ ከዘንገና ሐይቅ ማዶ ወዳለው ተዳፋት ነጎደ።

ያኔ ገና ማስተማር የጀመርኩ ልጅ እግር ነበርኩ። የተከራየሁትና እስከ ዛሬ የምኖርበት ቤት ከኋላው ሰፊ ጓሮ ስለነበረው መትከል ያዘኝ። ይህ አመል ያለበት ሰው ደግሞ ቢጤውን አያጣም። የኔ ቢጤ የዳንግላው ልብስ ሰፊ ጋሽ ፈንቴ ነበሩ። ዘር በቁርጥራጭ ጨርቅ ቋጥረው በሚኒባስ ረዳት ይልኩልኛል፤ እኔም ያለኝን ቋጥሬ እመልሳለሁ። የሚሸጥላቸው ሰው ሲመጣ ይቆጡ ነበር። የሳቸው ደንብ ዘር በዘር መለወጥ ብቻ ነው።

ለሁለታችንም አልሆን ያለን ዘንባባ ነበር። ከቆላ የመጣው ዘር ይበቅላል፣ ክረምቱን በደስታ ይከርማል፣ ከዚያ ኅዳር ላይ አንድ ጠዋት ስንነሣ ሣሩ በውርጭ ነጥቶ፣ ችግኙም የፈላ ውኃ የተደፋበት መስሎ እናገኘዋለን።

አንድ የነሐሴ ቀን ጋሽ ፈንቴ በትምህርት ቤቱ ስልክ ደወሉ። «የሺ፣ አገኘሁት!» አሉኝ። «ከዘንገና ማዶ፣ አያ ጥሩነህ የሚባሉ ገበሬ ደጃፍ ላይ ቆሟል። ስንት ውርጭ አሳልፏል አሉ። ፍሬው በስሏል፤ ወፍ ሳይጨርሰው እንድረስ።»

ቅዳሜ ጠዋት ተገናኝተን ሄድን። ከመኪና ስንወርድ ጉሙ መሬት ለመሬት ይንከባለል ነበር። ቁልቁል የሚወስደው የእግር መንገድ በጭቃ ተለውሷል፤ ከኋላችን የዘንገና ደን አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል። ግማሽ መንገድ ላይ ውኃ የቀዳች ሴት አገኘን። እንስራዋ ጠርዝ ላይ የሚንጠባጠበው ውኃ ቀይ ነው።

«ምንጩ ደፈረሰባችሁ እንዴ?» አሏት ጋሽ ፈንቴ።

«ከሰሞኑ እንዲህ ነው። እንዲጠል እናሳድረዋለን።»

ትንሽ ወረድ ስንል አንዲት ወጣት ፈረስ ስትጎትት ደረስንባት። ልጅ አዝላለች። ፈረሱ ጆሮውን አጥፎ፣ አራት እግሩን ተክሎ፣ ወይ ፍንክች ብሏል። የአያ ጥሩነህ ምራት ይታይሽ ነበረች። ባሏ ለጉልበት ሥራ ቆላ ወርዷል።

«ወደ ቤት አልወርድ ብሎ አስቸግሮናል» አለችን። እዚያው ከላይ ካለው ጎረቤት ግቢ አሰረችውና ይዛን ወረደች።

ዘንባባውን ሳየው ባለሁበት ቆምኩ። ረጅም ነው፤ ከቤቱ በስተጀርባ፣ ከዳገቱ ጥግ በቅሎ፣ ብርቱካናማ ፍሬው በየዘለላው ተንዠርግጓል። አባታቸው ለሆሣዕና ቅጠል ብለው እንደተከሉት አያ ጥሩነህ በኩራት ነገሩን። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ናቸው።

«አምና መሰላል ይጠይቅ ነበር» አሉ። «ዘንድሮ እጃችሁ ይደርሳል። ጎንበስ ብሏል።»

ጋሽ ፈንቴ እንደ ልጅ ሳቁና መልቀም ጀመሩ። እኔም ቅርጫት ይዤ ስለቅም ዓይኔ ቀስ በቀስ ሌላ ነገር ማየት ጀመረ። የቀርከሃው አጥር እንዳለ ወደ ታች ዘሟል። ከዘንባባው ሥር በላይ በኩል፣ ሣሩ መሐል፣ እንደ ጅራፍ የተጋደመ ስንጥቅ አለ። ዱላ ሰድጄ ለካሁት፤ ዱላው ገባ፣ ገባ፣ እጄ ሣሩን ነካ። መሬት ግን አላገኘም። ጎንበስ እንዳልኩ ከውስጥ ጥብቅ ያለ ገመድ ሲበጠስ የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። ጋሽ ፈንቴም ሰምተዋል። መልቀማቸውን ተዉ።

ለምግብ ወደ ቤት ስንጠራ በሩ ግማሽ ላይ ተነክሶ ቆመ። «ዝናብ ጠጥቶ አብጦ ነው፤ ጠርበነው ነበር፣ አሁንም እንቢ አለ» አለች ይታይሽ። የፍልሰታ ጾም ስለነበር የተቀቀለ ድንች ከተልባ ጋር አቀረበች። እንፋሎቱ ብርዱን ያስረሳል፣ ሽታው ያስጎመጃል። ጋሽ ፈንቴ ግን እጃቸውን አልዘረጉም።

«አያ ጥሩነህ፣ እዚህ ቤት ዛሬ አይደሩ» አሉ።

«ለምን?»

«መሬቱ እየሄደ ነው። ምንጩ፣ አጥሩ፣ በሩ… ሁሉም አንድ ነገር ነው የሚሉት።»

«እኔ እዚህ ተወልጄ ነው የሸበትኩ። ዝናብ ዝናብ ነው። ብሉ!»

«ካልወጡ እህልዎን አልቀምስም።»

እንግዳ ማዕድ ገፍቶ አይቼ አላውቅም ነበር። የሽማግሌው ፊት ተለወጠ። «ፍሬ ስጡኝ ብለህ መጣህ፣ ሰጠሁህ። አሁን ቤቴን ልቀቅ ትለኛለህ? እህሌን ከናቅህ በሩ ያው!»

ያን ጊዜ ይታይሽ ተነሣች። ልጇን አዘለች፣ ጋቢዋን ደረበች፣ ወጣች። እኛም ቅርጫታችንን ይዘን ተከተልናት። ዳገቱን ስንወጣ ዝናቡ መጣ። ከላይ ካለው ጎረቤት ታዛ ሥር ቆመን ወደ ታች አየን። ሽማግሌው አልወጡም። ጋሽ ፈንቴ አንዴ ይቀመጣሉ፣ አንዴ ይነሣሉ። «ተመልሼ እለምናቸዋለሁ» ብለው ሊወርዱ ሲሉ አያ ጥሩነህ ራሳቸው ብቅ አሉ። በንዴት ዱላቸውን እየወዘወዙ ይመጣሉ።

«ማን ነው ከቤቴ የሚያስወጣሽ! ተመለሽ! ሰው ምን ይለኛል!» እያሉ ታዛው ድረስ ወጡ። ጀርባቸውን ለተዳፋቱ ሰጥተው፣ ዱላቸውን ወደ ጋሽ ፈንቴ ቀስረው ሲራገሙ ፈረሱ ጮኸ።

እኛ አየን፤ እሳቸው አላዩም። ዘንባባው አልወደቀም። እንደቆመ ሄደ። ሳይነቀል፣ ዘለላውን እያወዛወዘ፣ አጥሩንና ቤቱን ከፊቱ እየገፋ ቁልቁል ተራመደ። ድምፁ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ በእግሬ ሥር በኩል እስከ ደረቴ ገባ። ሽማግሌው ከፊታችን ላይ አነበቡት። ለመዞር ግን ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ ሲዞሩ ታች ያለው ቀይ ጭቃ ብቻ ነበር።

ተቀመጡ። ቆይተው ለይታይሽ በአዊኛ አንድ ነገር ጠየቋት። ምን እንዳሉ ስጠይቃት፣ «ከብቶቹ እንዳይገቡ በሩን ዘግተሽዋል ወይ ነው የሚሉኝ» አለችኝ።

ጋሽ ፈንቴ ፍሬውን ሊመልሱላቸው ቅርጫቱን እግራቸው ሥር አኖሩ። «ውሰዱልኝ» አሉ ሽማግሌው፤ «ዓይኔ አይየው።» ቀሪ ዕድሜያቸውን ልጃቸው ጋ ቆላ ኖሩ። ባገሩ ግን ዘር ፈላጊዎቹ ዛፉን ነክተው መሬቱን አስቆጡት የሚል ወሬ ተነዛ፤ በዳንግላ ገበያም ጋሽ ፈንቴ ሲመጡ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉ ሰዎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ዘር አልለወጡም። እኔ አንዱን ፍሬ ተከልኩ፤ ኅዳር መጣ፣ ውርጩ መጣ፣ ችግኙ አልተነካም። እየወጣሁ ባየሁት ቁጥር ደስ ከማለት ይልቅ ሰውነቴን ይሰቀጥጠኝ ነበር።

ለጥሊሊው ወጣት በመጨረሻ «አለኝ፤ አመጣልሃለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ዘር ምን አጠፋ ብዬ። ትናንት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ዘንገናን እንዳለፍን የመስኮቱን ላብ በእጄ ጠርጌ ወደ ታች አየሁ። ተዳፋቱ ለምልሟል፤ ጠባሳ የለውም። መሐሉ ላይ አዲስ የቆርቆሮ ቤት ተሠርቷል። አጥሩ ላይ የሕፃን ልብስ ተሰጥቷል።

አጠገቤ የተቀመጠችውን ሴት የማን ቤት እንደሆነ ጠየቅኋት።

«አዲስ የተጋቡ ልጆች ናቸው፤ በቅርቡ ነው የገቡ» አለችኝ። «ታድለዋል፤ አፈሩ ልስልስ ነው፣ ድንች ይወደዋል።»

በነዚህ ዓመታት ሁሉ የሚያስፈራኝ የተራራው መሄድ አይደለም። ከዚያ በፊት የነበረው ጠዋት ነው። ስንስቅ፣ ፍሬ ስንለቅም፣ ድንቹ ሲሸተን መሬቱ ከሥራችን ጉዞውን ጀምሮ ነበር፤ የቆምንበት ቦታ ግን ከሌላው ቀን የተለየ አይመስልም ነበር። ያን ቀን እህል አልበላም የሚል ሰው ባይኖር ኖሮ እኔም ይህን አላወራም ነበር።

ሴትዮዋ ስለ ድንቹ ማውራቷን ቀጥላለች። ዝናቡ እየበረታ ነው።

«ወራጅ አለ!» አልኩ።

ረዳቱ ዞር ብሎ አየኝ። «እትዬ፣ ጥሊሊ ገና ነው። በዚህ ዝናብ እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«አውቃለሁ» አልኩት። «ወራጅ አለ።»