ከሊኑክስ ያዳነኝ ሰው

አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ተማሪ ሳለሁ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚባል የኮምፒውተር ሲስተም እጠቀም ነበር። መምህር ሆኜ ቡታጅራ ከመጣሁ በኋላ ግን እንደ ሰዉ ሁሉ ዊንዶውስ ጫንኩ። ቫይረስ የፈተና ጥያቄዎቼን ሙልጭ አድርጎ ሲበላብኝ ወደ ሊኑክስ ለመመለስ ቆረጥኩ። ግን ከሊኑክስ ዓይነቶች የትኛው ይሻላል? ኡቡንቱ ለአሮጌዋ ላፕቶፔ ከበዳት። ፌዶራ ከዋይፋይዋ ጋር አልስማማ አለ። ክረምቱን ሙሉ ሳነሳና ስጥል ከርሜ ሚንት ላይ ረጋሁ። እሱንም የኛ ከተማ ኢንተርኔት እየተቆራረጠ ስላስቸገረኝ፣ ጉብሬ ካምፓስ ድረስ ሄጄ ከጓደኛዬ በፍላሽ አመጣሁት።

ብዙም ሳይቆይ የቻርጀሩ መሰኪያ ተሰበረ። ላፕቶፗን ከነቦርሳዋ ኮምፒውተር ጥገና ላለው ለሙደሲር ሰጠሁት።

"መሰኪያውን ብቻ" አልኩት።

ከሰዓት ስመለስ ፊቱ በርቷል። ከፍቶ አሳየኝ፤ ዊንዶውስ!

"ምን አደረግክ?"

"መምህር፣ ወላሂ አላህ ነው ያተረፈዎት! የሆነ ነገር ገብቶባት ነበር፤ ስታርት የሚለው የለ፣ ምን የለ። ፎርማት አድርጌ አጸዳሁልዎት። ለሱ አላስከፍልዎትም።"

"ሊኑክስ እኮ ነው! ክረምቱን ሙሉ የለፋሁበት! ማን ንካ አለህ?"

ጎረቤት ባለሱቆች ወጥተው እስኪያዩኝ ጮህኩ።

"ታዲያ ሰው ጤነኛ ኮምፒውተር ይጠላል?" አለ ቅር ብሎት።

ሚንት ያለበት ፍላሽ በቦርሳው ኪስ ውስጥ እንደነበር ትዝ ሲለኝ ትንሽ በረድኩ። ኪሱን ዳበስኩት፤ ባዶ ነው።

"ፍላሼስ?"

ከጠረጴዛው አንስቶ ሰጠኝ።

"እሱ እኮ ነው ያመጣብዎት! ያለበትን ሁሉ አጥፍቼዋለሁ። ባዶውን እንዳይሄድ ብዬ ግን የህንድ ፊልም ሞላሁበት።"