የአያ ደምሴ ጥቁር ቢላ

ልጅ ሳለሁ ተረት በነጻ አይሰማም ነበር፤ እኛ ቤትማ ጭራሽ! የእናቴ ታላቅ ወንድም አያ ደምሴ አፋቸውን የሚከፍቱት የሰሚው እጅ ሥራ ሲይዝ ነው። ማሽላ ፈልፍዪ፣ ባቄላ ልቀሚ፣ ገመዱን ያዢልኝ፤ እጅሽ ከቆመ ጅቡም ቀበሮውም ባሉበት ይቆማሉ። እኔ ደግሞ ወሬ ከሚቀርብኝ ምሳ ቢቀርብኝ የምመርጥ ነኝና የቤቱን ሥራ ግማሹን በተረት ተደልዬ ሠርቼዋለሁ። ትምህርት ቤት ብዙም አልዘለቅሁ፤ የማውቀውን ያወቅሁት እዚያ ፍም ዳር ነው።

ቤታችን ከቆቦ ወጣ ብሎ ወደ ሮቢት በሚወስደው መንገድ አጠገብ ነበር። ያኔ ሲመሽ የማሽላ አገዳ እናነዳለን፤ ጭሱ ያስለቅሰናል፣ ኩራዟ ምሰሶው ላይ ትርገበገባለች፣ የቀኑ ሙቀት ገና ከግድግዳው አልወጣም፣ አያ ደምሴም ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

አያ ደምሴ የሰፈሩ የቅርጫ አራጅ ነበሩ። ለፋሲካ ጎረቤት አዋጥቶ የገዛውን በሬ የሚያርዱት እሳቸው ናቸው፤ ይህንንም ከአባታቸው ነው የተቀበሉት። በዚያ ዓመት ግን አሮጌው ቢላቸው ከመሞረድ ብዛት ሳስቶ ሳስቶ ተሰበረ። ዓይናቸውም ደክሞ ነበር። ጎረቤታችን ጋሽ አበራ፣ ያ ምላሰኛ ጎልማሳ፣ ደጃችን ድረስ መጣና፣ «አያ፣ ዘንድሮስ ይረፉ፣ እኔ ልረድ» አላቸው።

«በዓይኔ ነው እንዴ የማርደው? በእጄ ነው!» ብለው አባረሩት። ፊታቸው ግን ጠቁሮ ዋለ። ያን ቀን ቢላቸውን ከተነጠቁ ሰውነታቸውም አብሮ የሚሄድ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ቆቦ ገበያ ወርደው አዲስ ቢላ ይዘው መጡ፤ ከርካሹ መርጠው። ከጫፉ እስከ እጀታው በፋብሪካ ጥቁር የተቀባ፣ የሚያብለጨልጭ! እኔማ ከማማሩ የተነሣ ዘለልኩ። እናቴ ልትሞክረው ሽንኩርት ከተፈችበት፤ ምን ዋጋ አለው፣ ቀለሙ እየተላጠ ቅርፍቱ ከሽንኩርቱ ጋር ተደባለቀ።

ጋሽ አበራ ሰምቶ ከት ብሎ ሳቀ። «ሥጋውን በጥላሸት ሊያበሉን ነው? ፍም ውስጥ ይክተቱትና ይቃጠል!»

«አንተን ይክተትህ!» አሉ አያ ደምሴ። «እሳት የገባ ቢላ ይለሰልሳል፤ ከዚያ ወዲያ ስለት አይዝም።»

አንጥረኛ ዘንድ እንዳይወስዱት እጃቸው ባዶ ነው። ስለዚህ ቤት ያለው ተፈለገ። እናቴ ከሊጡ ላይ የጠለለውን ኮምጣጣ እርሾ ቀዳች፣ እኔ ከጎረቤት ጓሮ ሎሚ ለምኜ ጨመቅሁበት፤ ቢላው ጣሳ ውስጥ ቆሞ አድሮ ዋለ። ሲመሽ ስናወጣው ቀለሙ እንደታመመ ቆዳ ተኮማትሯል። ከጎሊና ወንዝ ያመጣሁትን ደቃቅ አሸዋ ከአመድ ጋር ደባለቅን፤ እርጥብ የጆንያ ቁራጭ እጄ ላይ ተጠቀለለ።

«ከእጀታው ወደ ጫፍ ብቻ ፈትጊ፤ ስለቱን እንዳትነኪ» አሉና ተረቱን ጀመሩ። ጅብ ጥቁር ካባ ደርቦ፣ ሽማግሌ ነኝ ብሎ፣ ፍየሎች ሠርግ ሄደ። ግልገሎቹ ካባውን ይጎትታሉ፣ እኔ አሻለሁ።

«ካባው ከየት ከየት ተቀደደ?» ይሉኛል በየመሃሉ።

ቢላውን አያለሁ። «ጫፉ ጋ ተገፍፏል፤ እጀታው ሥር ግን ገና ጥቁር ነው።»

«እንግዲያው ግልገሎቹ እዚያ አልደረሱም። ፈትጊ እንጂ!»

መጀመሪያ ጨዋታ መስሎኝ ነበር። በኋላ ግን ጣታቸው ብረቱን ሲዳስስ፣ ፊታቸው ወደ ኩራዟ ሲዞር አየሁ፤ ገባኝ። ለካ አይታያቸውም። እኔ፣ ዝምታ የማላውቀው ልጅ፣ ለእናቴ እንኳ ትንፍሽ አላልኩም። ብቻ ከዚያ በኋላ ነጥብ የምታህል ጥቁር ብትቀር፣ «አያ፣ እዚህ ጋ ጨርቅ ቀርታዋለች» እላለሁ፤ እሳቸውም አንድ ግልገል ይጨምሩበታል። ጅቡ ራቁቱን ወጥቶ ሲሮጥ እኛ በሳቅ ፈርሰናል፤ ቢላውም ተገፍፏል። አጥበን አደረቅነው። እንዳይዝግ፣ «ቅቤ ላምጣ?» ብል እናቴ፣ «በሁዳዴ!» ብላ ጮኸችብኝ፤ የኑግ ዘይት ተቀባ።

የፋሲካ ለት ሰው ሁሉ በሬውን ከቦ ቆሟል። ጋሽ አበራ ቢላውን ተቀበለና በነጭ ጋቢው ጫፍ ወዲህም ወዲያም ጠረገው። ጋቢውን ገልብጦ አየ፤ ነጭ ነው።

«ሎሚው ዝንጉርጉር አድርጎት ቆቅ መስሏል» አለ፣ «ግን ንጹሕ ነው። በሉ አያ፣ ይባርኩ።»

ሰዉ ሳቀ፤ አያ ደምሴ አማተቡና ጎንበስ አሉ። እጃቸው የሚያውቀውን መንገድ አልሳተም።

ዛሬ ቆቦ ሱቅ ቀዩም አረንጓዴውም ቢላ ሞልቷል። እኔም የገዛሁትን በአቼቶ ዘፍዝፌ፣ የእህቴን ልጆች በተረት ደልዬ አሳሻቸዋለሁ። «አክስቴ፣ ሌላ አትገዢም?» ይሉኛል። አልገዛም!

በልቤ የቀረው ግን የከርሞው ፋሲካ ነው። በሬው ሳይገዛ አያ ደምሴ ራሳቸው ጋሽ አበራን አስጠሩት። ቢላውን እጀታውን ወደፊት አድርገው ዘረጉለት፤ ዓይናቸው ጨርሶ ጠፍቶ ስለነበር እሱ ወደሌለበት ወገን ነበር የዘረጉት። ያ ምላሰኛ ሰው ድምፁን ሳያሰማ ዞሮ እዚያው እጃቸው ያለበት ቦታ ቆመና፣ በሁለት እጁ ተቀበላቸው።