የታጠቡት ብልቃጦች

ከደሴ የተነሳሁት ኅዳር መጀመሪያ ላይ በማለዳ ነው። መድረሻዬ ሐይቅና አምባሰል፣ የመሄዴ ምክንያት ተቅማጥ። መሳቅ የሚፈልግ ይሳቅ፤ ሕፃናትን የሚያስቀምጥና የሚያስታውክ ቫይረስ ማጥናት ከጀመርኩ ጀምሮ ዘመዶቼም ሲስቁብኝ ነው የኖሩት። የዚህ ጉዞ ጥያቄ አንድ ነበር፤ ልጅና ጥጃ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲታመሙ የያዛቸው ቫይረስ አንድ ነው ወይ? ይህን ለማወቅ ከአንድ ቤት፣ በአንድ ቀን፣ ከታመመ ልጅና ከታመመ ጥጃ ሰገራ መውሰድ አለብኝ። ናሙናው አዲስ አበባ እስኪደርስ ደግሞ ከበረዶ መለየት የለበትም። ስለዚህ ሚኒባስ ውስጥ ሰማያዊውን የበረዶ ሳጥኔን እንደ አራስ ልጅ ታቅፌ ተቀመጥኩ።

ኬላ ላይ ወጣቱ ፈታሽ ጣቱን ወደ ሳጥኑ ቀሰረ።

«ምንድነው ይሄ?»

«ብልቃጥ ነው። ለጊዜው ባዶ ነው።»

«ሲሞላስ?»

«የልጅና የጥጃ ሰገራ።»

እጁን ከክዳኑ ላይ ቶሎ አነሳ። «ይሂዱ እናቴ። ሲመለሱም አልከፍተውም።»

ሐይቅ

ውጫሌ መብራት ከጠፋ ሦስት ቀኑ እንደሆነ ተነግሮኝ ስለነበር በረዶውን ሐይቅ ከተማ ላይ መያዝ ነበረብኝ። ከሐይቁ የወጣ ዓሣ ከምትሸጥ ሴት ማቀዝቀዣ ውስጥ በረዶ የሆኑ ስድስት የውኃ ኮዳዎች በመቶ ሃያ ብር ገዛሁ። «ዓሣ ሊጭኑ ነው?» አለችኝ። «እንደ ዓሣ ቶሎ የሚበላሽ ነገር ነው» አልኳት። እውነቱን ብነግራት ኮዳዎቹን የምትነጥቀኝ መሰለኝ። በኔ ግምት በረዶው እስከ ማታ ይቆያል፤ ከዚያ በላይ ግን ዋስትና የለኝም።

ከውጫሌ ወደ ላይ

ውጫሌ ላይ ካሳ ጠበቀኝ። ካሳ የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው፤ ቀጭን፣ ወሬ የማይወድ፣ እግሩ ፈጣን። ባጃጅ ዳገቱ ሥር ድረስ አደረሰንና የቀረውን በእግራችን ወጣነው። ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል፣ ማሽላው ገና ቆሟል። እስከ ቀትር አራት ቤት አዳረስን። አንዱ ጋ ልጁ ታሞ ጥጃው ደኅና ነው፣ ሌላው ጋ ጥጃው ታሞ ልጁ ይቦርቃል። ያገኘሁትን እየሰበሰብኩ ብልቃጥ ሞላሁ፤ የምፈልገው ጥንድ ግን አልተገኘም። በየሰዓቱ ክዳኑን ከፍቼ በረዶውን አያለሁ፣ ካሳም «በከፈቱት ቁጥር ይቀልጣል» ይለኛል። ልክ ነበር፤ ልክ መሆኑም አናደደኝ።

አምስተኛው ቤት የዘሐራ ነው። ባሏ ይመር ገበያ ወርዷል። ወደ ውስጥ ስገባ የሦስት ዓመቷ ቶይባ ቁርበት ላይ ተጋድማለች። ከእሷ ሁለት እርምጃ ርቆ፣ እዚያው ቤት ውስጥ፣ ጭራዋ በነጭ ተቅማጥ የተጨማለቀ ጥጃ ታስራለች።

«አገኘን!» ብዬ እጄን አጨበጨብኩ።

ዘሐራ ቀና ብላ አየችኝ። «ልጄ ታማ ምን ደስ አለዎ?»

ያኔ የተሰማኝን ኀፍረት ዛሬም ስጽፈው ፊቴ ይግላል። ተንበርክኬ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጅቷን አየኋት። ዓይኗ ጎድጉዷል። ስታለቅስ እንባ የለም። የሆዷን ቆዳ ቆንጥጬ ስለቀው እንደተቆነጠጠ ቀረ።

«ውኃ መቼ ጠጣች?»

«ከትናንት ወዲህ ከለከልኳት። የሰጠኋት ሁሉ ወላሂ በዚያው ይወጣል፤ ብተውላት ይቆም እንደሁ ብዬ።»

እኔ የቫይረስ ዶክተር ነኝ፣ የሕፃን ሐኪም አይደለሁም። ወደ ካሳ ዞርኩ። «እኔም የከብት ነኝ» አለ፣ «ግን ጥጃ እንዲህ ሲሆን እስከ ማታ አይቆይም።»

ለራሴ ብዬ የያዝኳቸው ሁለት ከረጢት በተቅማጥ የወጣ ውኃ የሚተካ ዱቄት ቦርሳዬ ውስጥ ነበሩ። አንዱን በታሸገ ውኃ በጥብጬ በማንኪያ መስጠት ጀመርኩ። ቶሎ ጤና ጣቢያ መድረስ ነበረባት። ዘሐራ ጡት የሚጠባውን የቶይባን ታናሽ ወንድም አዘለች፣ ካሳ ቶይባን ታቀፈ፣ እኔ ኮዳና ማንኪያ ያዝኩ። ለሳጥኑ እጅ አልተረፈም።

ጎረቤቲቱ አሚናት፣ በዕድሜ እናቴ የምትሆን ሴት፣ በር ላይ ቆማ ነበር። «ይህ ዕቃ አደራ፣ ጥላ ላይ ይቀመጥልኝ» አልኳት።

«አብሽሪ» አለችኝ፣ «ዕቃሽን እኔ አለሁለት።»

ቁልቁለት

መጀመሪያ ያጠጣኋትን ሁሉ አስታወከችው። «ይኸው፣ አላልኩም?» ብላ ዘሐራ አለቀሰች። ትንሽ ቆይቼ እንደገና ጀመርኩ። አንድ ማንኪያ፣ ጥቂት እርምጃ፣ አንድ ማንኪያ። ድንጋይ አዳልጦኝ በጉልበቴ ወደቅኩ፤ ኮዳውን ግን አልለቀቅኩም። መሀል መንገድ ላይ ልጅቷ አንገቷን ማቅናት አቃታት። ካሳ መሮጥ ጀመረ፣ እኛም ተከተልነው። ዘሐራ «ያረቢ፣ ያረቢ» ትላለች። እኔም በልቤ እመብርሃንን እጠራ ነበር። ፈርቼ ነበር፣ በጣም።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ነርሱ ደም ሥሯን አጣው። በአንድ እጇ ሞከረ፣ በሌላው ሞከረ፣ በእግሯ ተሳካ። ከዚያ በኋላ መጠበቅ ብቻ ሆነ። የከሰዓቱ የአሱር ሶላት ከተሰገደ በኋላ ቶይባ ጭኔ ላይ ሸናች። የደረቀ ሰውነት አይሸናምና፣ ቀሚሴ ሲርስ ሳይ እንደ ሞኝ ጮክ ብዬ ሳቅኩ።

ዘሐራም እንባዋን እየጠረገች «አሁንማ ደስ ይበልዎ» አለችኝ።

ትንሽ ቆይቶ ቶይባ ዓይኗን ገለጠች። «እማ፣ ጥጃዬን ማን አጠጣት?»

«አባትሽ ያጠጣታል።»

ነገሩ ስላልገባኝ ዘሐራን ጠየቅኩ። ላሟ ጥጃዋን እየረገጠች አላስጠባ ብላለች። ስለዚህ ቶይባ ጣቷን ወተት ውስጥ እየነከረች ጥጃዋ አፍ ውስጥ ትከታለች፤ ጥጃዋ ጣቷን ትጠባለች፣ ቶይባም ጣፋጭ ነውና ተመልሳ የራሷን ጣት ትልሳለች። በየቤቱ ይዤ የዞርኩት ቅጽ ላይ አርባ ጥያቄ አለ። የውኃው ምንጭ፣ ሽንት ቤቱ፣ ጋጣው፣ ሁሉም ተጠይቋል። ጥጃውን ማን እንደሚያጠጣው ግን አንድም ቦታ አልጠየቅኩም።

በማግስቱ

ጠዋት ይመር ሳጥኑን ተሸክሞ መጣ። በረዶው እንደሚቀልጥ አውቄ ተስፋ ቆርጬ ነበር፤ ክዳኑን ስከፍት ግን ብልቃጦቹ ሁሉ ባዶ ናቸው፣ ያብለጨልጫሉ።

«አሚናት ብትከፍተው ነጃሳ ሞልቶታል» አለ ይመር፤ ሰገራውን ማለቱ ነው። «በእንግዳ ዕቃ ነጃሳ ማሳደር ነውር ነው ብላ አንድ በአንድ በሳሙና አጥባ፣ በአመድ አሸችልዎ።»

መጮህ አማረኝ። ከዚያ የባሰ ነገር ታሰበኝ። «የት ነው ያጠበችው? ምንጩ ላይ?»

ፊቱ ተለወጠ። «ምነው ዶክተር! ነጃሳ ምንጭ ላይ ይታጠባል? ራቅ አድርገን ጉድጓድ ምሰን ቀበርነው። እጃችንንም በሳሙና ታጠብን።» ለእኔ ትምህርት ሰጠኝ፤ ተገቢም ነበር። ከብልቃጦቹ ሥር ጭድ አለ፣ ጭዱ ውስጥ እንቁላል። «ባዶውንማ አይመለስም።»

«ጥጃይቱስ?»

ወደ ቶይባ አልጋ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሞተች። ለእሷ አልነገርናትም።»

መልስ

ኬላው ላይ ያው ወጣት አወቀኝ። ሁለት እርምጃ ርቆ ቆመ። «ሞላልዎ?»

ክዳኑን ከፈትኩለት። ቀስ ብሎ አንገቱን አሰገገና «ይሄማ እንቁላል ነው» አለ።

«ልጅቷ ዳነች» አልኩት። ምኑም አልገባውም፤ ቢሆንም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ አሳለፈን።

ጥጃዋ ሞታ፣ በረዶውም ቀልጦ ስለነበር አዲስ አበባ የደረስኩት ያለ አንዲት ናሙና ነው። ባልደረቦቼ እንቁላሉን በጥርጣሬ ዓይን አዩት፤ ሳጥኑ ምን ይዞ እንደዋለ ያውቃሉና። ለረጅም ጊዜ ቀቅዬ በላሁት። የልጅቷና የጥጃዋ ቫይረስ አንድ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ሳይመረመር አውቃለሁ ብልም ውሸት ነው። ማታ ቅጹን አወጣሁና ከአርባዎቹ ጥያቄዎች በላይ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ «ጥጃውን የሚያጠጣው ማነው?» የቶይባ ጥያቄ ነው፤ እሷ እስካሁን እውነተኛ መልስ አላገኘችም።