ሬሐና ለሉቃስ የሳለችው ሎጎ

ሬሐና ጃዕፈር ሰበታ መናኸሪያ አጠገብ፣ አባቷ ሱቅ ውስጥ፣ በፌርሙስና በፕላስቲክ ጫማ መሀል አንዲት ጠረጴዛ ነበረቻት። ጠረጴዛዋ ላይ ኮምፒውተርና ፕሪንተር፣ ከራሷ በላይ ደግሞ በሲባጎ የተንጠለጠሉ የሕፃናት ጫማዎች። ማመልከቻ ትጽፋለች፣ የሰርግ መጥሪያ ታዘጋጃለች፣ ብድግ ባለች ቁጥር አንድ ጫማ ግንባሯን ይላታል። አባቷ ሐጂ ጃዕፈር ከወራቤ መጥተው ሰበታ ላይ ሠላሳ ዓመት የነገዱ ሰው ናቸው። ሥራዋ ዲዛይን እንደሚባል ስንት ጊዜ አስረድታቸዋለች። «እሺ፣ ዲዛይን» ይሉና ለደንበኛ ሲያስተዋውቋት «ልጄ ናት፣ ታይፕ ትመታለች» ይላሉ።

ሉቃስ ወደዚህ ሱቅ የመጣው በ2008 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ነው። ከሆሳዕና መጥቶ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ አራት ዓመት ክር ሲቀጥል ኖሮ፣ ያጠራቀመውን በሙሉ አሮጌ ካሜራ ገዝቶበት ሥራውን የለቀቀ አጭር፣ ደልደል ያለ፣ ድንጉጥ ሰው ነው።

«ፍሪላንሰር ሆኛለሁ» አላት።

«ምን ማለት ነው?» አሉ ሐጂ ከባንኮኒው ማዶ።

«ቢሮ የሌለው ማለት ነው፣ አባ» አለች ሬሐና።

«እንደሱማ ስንቱ ሰው ፍሪላንሰር ነው» አሉ ሐጂ።

የሉቃስ ጉዳይ ቀላል ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ በጅማ መንገድ ያለ አንድ የካልሲ ፋብሪካ የአራት መቶ ሠራተኞቹን የመታወቂያ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ይፈልጋል። ፕሮፎርማ እስከሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ አስገባ ተብሏል፤ ፕሮፎርማው ግን ሎጎ ባለው ወረቀት፣ ሎጎ ባለው ፖስታ፣ ማህተም ተመትቶበት መሆን አለበት። ሉቃስ ከስሙ በቀር ምንም የለውም።

ያን ሰሞን ማስተር ፕላን የሚለው ቃል ያልገባበት ቤት አልነበረም። አዲስ አበባ ልትሰፋ ነው፣ የገበሬው መሬት ሊሄድ ነው ተብሎ ተማሪው ለተቃውሞ ወጥቷል፤ ሰው ሞቷል፣ ብዙ ሰው ታስሯል። መንገድ አንዴ ይዘጋል፣ አንዴ ይከፈታል። ሱቆች በግማሽ በር ይሸጣሉ። ሬሐናም በዚያች በግማሽ በር በምትገባ ብርሃን ነበር ሎጎ መሳል የጀመረችው።

የመጀመሪያውን ስትስል ሉቃስን አንድ ሰርግ ላይ ሲያነሳ እንዳየችው አሰበችው። አጭር ስለሆነ ሰው መሀል ሲያነሳ ካሜራውን ከራሱ በላይ ያወጣዋል። ወደ ላይ የተዘረጉ ሁለት ክንዶች፣ አንጓቸው ላይ የተጠላለፉ፣ ጫፋቸው ላይ ካሜራ። ኮምፒውተሩ ላይ በትልቁ ሲታይ ግሩም ነበር። ቢዝነስ ካርድ ላይ ሲታተም ግን ካሜራው የዝንብ ያህል ሆነ፤ የቀሩት የተጠላለፉት ክንዶች ብቻ ናቸው። በዚያ ሰሞን ክንዱን ከራሱ በላይ አጠላልፎ የሚታይ ሰው መንግሥትን እየተቃወመ እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። ከሬሐናና ከሉቃስ በቀር።

ቅዳሜ ሉቃስ አብሮት ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውን ልጅ ሰርግ ሊያነሳ ቡራዩ ሄደ። መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደርድሮ ወጣቶች ሚኒባሱን አስቆሙት። ፎቶ አንሺ ነኝ ለማለት ካርዱን አወጣ። አንዱ ተቀብሎ አየ፣ ለጓደኛው አሳየ፣ ከዚያ «ጀባ! ጀባ! በርታ!» ብለው ሉቃስን ትከሻቸው ላይ አወጡት። በድንጋዩ ላይ አሻግረው ሰርግ ቤቱ ደጃፍ ድረስ ወሰዱት። ሙሽራው የመጣ መስሏቸው እልል ያሉ ሴቶች ነበሩ።

«ሎጎው ይሠራል!» ብሎ ደወለላት።

ሲመለስ ኬላ ላይ ፈታሾች ነበሩ። ሉቃስ የጠዋቱ ደስታ ስላልለቀቀው ማንም ሳይጠይቀው ካርዱን ሰጠ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ድንጋይ ላይ አስቀመጡት።

«ይሄ ካሜራ ነው፣ ጌታዬ።»

«የቱ?»

«ይቺ ነጥቧ።»

ሰኞ ጠዋት ሬሐና ካርዱን ቀዳዳ ጣለችና አዲስ ጀመረች። ሉቃስ «ነፃ ሠራተኛ ነኝ፣ የሚበር ነገር አድርጊልኝ» ስላላት ለካሜራው ክንፍ አወጣችለት። ማንገቻው ሆዱ ላይ ሁለት ጊዜ ዞሯል፣ ፍላሹ ጭንቅላት መስሏል። ሉቃስ ካርድና ስቲከር አሠርቶ፣ ስቲከሩን ቦርሳው ላይ ለጠፈና ሻይ ቤት ገባ። አንድ የቀበሌ ሰው ከወንበሩ ተነስቶ አቀፈው።

«በዚህ ቀውጢ ሰዓት ንባችንን በአደባባይ የሚለጥፍ ወጣት አለ ለካ!»

ንብ የገዢው ፓርቲ የምርጫ ምልክት ነበር። ጥግ የተቀመጡ ልጆች ሉቃስን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። እሱም ቦርሳውን ሆዱ ላይ አጣብቆ፣ ወሯ የገባ ሴት መስሎ፣ እየሮጠ ሱቅ ደረሰ።

«ካርዶቹስ?» አለችው ሬሐና።

«በላኋቸው።»

«ስንት?»

«ሦስት። ላሚኔት የተደረገውን ግን ማኘክ አቃተኝ» አለና ከጉንጩ አውጥቶ ሰጣት።

ከዚህ በኋላ ሬሐና ያለ መካሪ ላለማተም ወሰነች። መካሪዋ አዴ ደራርቱ ሆኑ። አዴ ደራርቱ ከወጨጫ ተራራ ሥር እየመጡ በሱቁ በራፍ ላይ ቅቤ የሚሸጡ፣ የልባቸውን በአማርኛም በኦሮምኛም የሚናገሩ ሴት ናቸው።

«እስኪ ይዩልኝ፣ ምን ይታይዎታል?» ብላ ዛፍ አሳየቻቸው።

«ኦዳ ነው። አባ ገዳ ሆነ እንዴ ይሄ ልጅ?»

ዛፉ ቀረ። ወፍ አመጣች።

«ዶሮ። ታማለች።»

ወፏም ቀረች። አበባ አመጣች።

«ያ ረቢ! አበባ አታሳዪኝ። የወንድሜን መሬት የወሰደው የአበባ እርሻ ነው» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ቆየት ብለው ደግሞ፣ ሬሐና አንገቷን ስትደፋ አይተው፣ «አንቺ ምን አጠፋሽ፣ ልጄ» አሏት።

ሐሙስ ሆነ። የፕሪንተሩ ቀለም እያለቀ ነው፤ መንገድ ስለተዘጋ መርካቶ ሄዶ የሚያመጣ የለም። ጥቁሩ ብቻ ቀርቷል። ሐጂ ጃዕፈር ፌርሙስ እየወለወሉ «ልጁ ራሱ ምን ይመስላል? እሱን ሳዪው» አሏት። ሬሐና ተናዳ ስለነበር በአሮጌ ማመልከቻ ጀርባ ላይ ቸኩላ ሳለችው። አንድ ዓይኑ ጭፍን፣ ጉንጩ ንፍት፣ ምላሱ በአፉ ጥግ እስከ አገጩ ወጥቶ።

አዴ ደራርቱ አዩትና ቅቤያቸውን ትተው በሳቅ ተንፈራፈሩ። «ሉቃስ! ኩን ሉቃስ! ራሱ ነው!»

በዚህ መሀል የገባው ሉቃስ ግን ሥዕሉን አይቶ ፊቱ ጠቆረ። «እኔ ምላሴን አላወጣም።»

«ታወጣለህ» አለች ሬሐና።

«ፎቶ ሳነሳ?»

«ሁልጊዜ።»

«ሰው ሁሉ የሚስቀው እኮ በቀልዴ ነው!»

ሉቃስ ባነሳው ፎቶ ላይ ሙሽራ ይስቃል፣ ሽማግሌ ይስቃል፣ ለቅሶ የመጣ ሳይቀር ይስቃል፤ እሱም ከማንሳቱ በፊት ስለ አንድ አህያ የሚያወራት ቀልድ ነበረችው። ሐጂ «በል እኔን አንሳኝ» አሉት። ካሜራውን ሲያነጣጥር ሬሐና በስልኳ እሱን አነሳችው። ስልኩን ተቀብሎ ፎቶውን አጎላው።

«እንዲህ ሆኜ ነው አራት ሰርግ ያነሳሁት?»

«አምስት» አለች።

ሉቃስ ፌርሙስ ካርቶን ላይ ተቀምጦ ትንሽ አዘነ። ከዚያ ሥዕሉን ደግሞ አየው። «የማን ወገን ይመስላል?»

«የማንም» አሉ አዴ ደራርቱ። «የሉቃስ ብቻ ነው።»

በቀረችው ጥቁር ቀለም ሎጎ ያለበት ሁለት ወረቀት፣ አንድ ፖስታና ስድስት ካርድ ወጣ። ማህተሙን የሚቀርጸው ሰው ምላሱን ሊተወው ነበር፤ ሬሐና አጠገቡ ቆማ አስጨረሰችው።

ዓርብ ዕለት ትራንስፖርት አልነበረም። ሉቃስ ፖስታውን ሸሚዙ ውስጥ ከትቶ በእግሩ ወጣ። መጀመሪያ ያገኙት ወጣቶች ካርዱን እየተቀባበሉ ስቀው ለቀቁት። ቀጥሎ ሦስት ጠመንጃ የያዙ ሰዎች አስቆሙት። አለቃቸው ካርዱን አገላበጠ፣ ዘቅዝቆ አየ፣ ለፀሐይ ይዞ አየ።

«ይሄ ምላስ የማን ነው?»

«የእኔ ነው፣ ጌታዬ።»

«አሳይ።»

ሉቃስ አሳየ።

«ይሄማ ሌላ ነው። ዓይንህን ጨፍን። ካሜራውን ያዝ።»

ካሜራውን ያዘ፣ አንድ ዓይኑን ጨፈነ፣ ምላሱ ሳይታዘዝ ራሱ ወጣ። አንደኛው ጠመንጃውን ለጓደኛው ሰጥቶ መንገድ ዳር ተቀመጠ፤ መሳቁን ማቆም አቅቶት ነበር። አለቅየው ከንፈሩን ነክሶ «እለፍ፣ እለፍ» አለ።

የካልሲ ፋብሪካው የሰው ኃይል ኃላፊ ኤዶም የምትባል ኮስታራ ሴት ናት። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበችና ሎጎው ላይ ቆመች። «ድርጅቱ ነው ወይስ ባለቤቱ?»

«ሁለታችንም» አለ ሉቃስ።

በዚያ ዓርብ መንገዱን አልፎ ፕሮፎርማ ያስገባ ሌላ ሰው ስላልነበረ ሥራው የእሱ ሆነ። ጥር ላይ ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተብሎ በሬዲዮ ተነገረ፤ ሰው የታሰረበት ቤት ግን ገና ይጠብቅ ነበር። ፋብሪካው ሲረጋጋ ሉቃስ አራት መቶውንም ሠራተኞች አነሳ። አራት መቶዎቹም ጥርሳቸው እስከ መንጋጋ እየታየ ይስቃሉ። የበሩ ዘበኛ «ይሄ መታወቂያ ነው የሰርግ አልበም?» ብሎ አላስገባም አለ። ኤዶም ሉቃስን ጠርታ በአዲስ እንዲያነሳ አዘዘችው።

ሁለተኛውን ዙር ሬሐና አብራው ሄደች። ከአባቷ ሱቅ ያመጣችውን የጠረጴዛ ልብስ ራሱ ላይ አልብሳው፣ ከካሜራው ሌንስ በቀር ምንም እንዳይታይ ጠርዙን ይዛ ቆመች። ሠራተኞቹ አንድ በአንድ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው ተነሱ። ሥራው ሦስት ቀን ፈጀ።

በመጨረሻው ቀን ከወላይታ የመጣች አንዲት ካልሲ የምትሰፋ ሠራተኛ ወደ ሬሐና ጠጋ ብላ ውድቅ የሆነውን የመጀመሪያውን ፎቶዋን ለመነች። ለእናቷ ልትልከው ነው። ከኋላዋ ሌላ መጣ፣ ከሱ ኋላ ሌላ፤ ሰልፉ እስከ በሩ ደረሰ። ዘበኛውም ሰልፉ ውስጥ ነበር። ሬሐና መቀስ አስመጣችና መሬት ላይ ተቀምጣ የሚስቁትን ፎቶዎች ከታተሙበት ወረቀት እየቆረጠች ማደል ጀመረች።