ቀኝ እጄ የከዳኝበት ሁዳዴ

ቄስ ሆኖ የገዛ እጁን የሚፈራ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ፈርቻለሁ። አንድ ሁዳዴ ሙሉ ቀኝ እጄን እንደ ሌባ ስጠብቀው ከረምኩ።

ነገሩ የጀመረው ከጉልበቴ ነው። ኢሕአዴግ ከገባ አሥር ዓመት አልፎት ነበር። በመንዝ ተራራ ላይ ለዓመታት ተከልክሎ የቆየው የጓሳ ሣር ለአጨዳ የተፈቀደበት ዓመት ነበርና፣ ለቤተ ክርስቲያናችን ዕቃ ቤት ክዳን የሚሆን ሸክም ይዤ ቁልቁለቱን ስወርድ ቀኝ ጉልበቴ ተጠመዘዘ። የመንደራችን ወጌሻ አሽቶ አሰረልኝና «አንድ ወር እንዳትቆምበት» አለኝ። ለቄስ አትቁም ይባላል? ማኅሌቱን ተኝቼ ላድርስ? እኔም ማንኛችንም የምናደርገውን አደረግኩ፤ መቋሚያዬን ቀኝ ብብቴ ሥር ወትፌ ሙሉ ሰውነቴን ጣልኩበት። ጉልበቴ እፎይ አለ። ብልህ ነኝ ብዬም ለራሴ ተደሰትኩ።

ከጥምቀት በኋላ ጣቶቼ ይደነዝዙ ጀመር። መጀመሪያ ብርድ ነው አልኩ፤ የመንዝ ብርድ የማይከሰስበት ነገር የለም። ወር ሳይሞላ ግን የእጄ አንጓ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ቀረ። ቀና በል ብለው አይሰማኝም። ወጌሻው «ጅማት ዞሮ ነው» ብሎ በቅቤ ያሸኝ ገባ። በሁዳዴ ቅቤ ቅቤ እየሸተትኩ ቅኔ ማኅሌት ስገባ ደብተራዎቹ «መምሬ፣ ዛሬ ገድፈው ነው እንዴ የመጡት?» እያሉ ያሾፉብኛል። አብሬያቸው እስቃለሁ፤ ፍርሃቱ ግን አይለቀኝም።

ምክንያቱም ሕዝቡን ሥጋ ወደሙ የማቀብለው እኔ ነኝ። ጣቶቼ ከድተውኝ ቅዱስ ሥጋው መሬት ቢወድቅስ? ታዲያ ለምን አልተናገርክም ትሉኝ ይሆናል። ቅዳሴ በአምስት ሰው ነው፤ ሁለት ቄስ፣ ሦስት ዲያቆን። በአጥቢያችን ያለነው ቄሶች ደግሞ እኔና አስተዳዳሪው ብቻ ነን። እሳቸው ከልጅነቴ ጀምሮ ያስተማሩኝ አባት ናቸው፤ እጃቸው በእርጅና ስለሚንቀጠቀጥ ማቀበሉን ለእኔ ትተውልኛል። እኔ ከቀረሁ ቅዳሴው ይታጎላል። በዚያ ላይ የቄስ እጅ ሲሽመደመድ ሰው ዝም አይልም፤ «ምን በድሎ ይሆን?» ይላል። እኔም ራሴን የምጠይቀው ይህንኑ ነበር። የሠራሁትን ኃጢአት ሁሉ ቆጠርኩ፤ ያልሠራሁትንም ጨመርኩበት።

በኒቆዲሞስ እሑድ አንዲት እናት ሕፃኗን ታቅፋ ቀረበች። ሕፃኑ አፉን ከፈተ። እጄን ስዘረጋ አንጓዬ ዘንበል አለ፤ ቅዱስ ሥጋው ከጣቶቼ መካከል ሲንሸራተት ተሰማኝ። ደግነቱ ሥጋው የሚቀመጥበትን ጻሕል በግራዬ አስጠግቼ ነበርና ጠርዙ ላይ አረፈ። እናቲቱ አላየችም። ልጁን አቀብዬ እንዴት እንደ ጨረስኩ አላስታውስም።

ያን ቀን እህል አልወርድ አለኝ። ባለቤቴ ገበታውን አነሳችና «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ወይ ለአባታችን ለአስተዳዳሪው ይንገሩ፣ ወይ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ» አለችኝ። ፈሪ ነኝና ሐኪሙን መረጥኩ፤ በማግስቱ ወደ ከተማው ሆስፒታል አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ሆስፒታሉ ፊዚዮቴራፒ ወደሚሉት ክፍል መራኝ። የጠበቅኩት መርፌ ነበር፤ ያገኘሁት ምንጣፍ፣ ኳስና ከልጄ የማትበልጥ ሴት ነው። ለዚህ ነው የመጣሁት ብዬ ተናደድኩ። እሷ እጄንም ጉልበቴንም ነካክታ ካየች በኋላ «አባ፣ ሲያገለግሉ እንዴት እንደሚቆሙ ያሳዩኝ» አለች። መቋሚያዬን ብብቴ ሥር አድርጌ ተንጠለጠልኩበት።

«ስንት ሰዓት እንደዚህ ይቆማሉ?»

«እንደ በዓሉ ነው። ስድስትም ሰባትም ይሆናል።»

ጣቷን ብብቴ ሥር አስገብታ ጫን ስትል ንዝረቱ እስከ አውራ ጣቴ ወረደ። ወደ እጅ የሚሄደው ነርቭ በዚያ እንደሚያልፍና እኔው በመቋሚያዬ ስጨፈልቀው እንደ ከረምኩ ነገረችኝ። ከዚያ ወዲያ መቋሚያው በእጅ የሚያዝ እንጂ ብብት ሥር የሚገባ እንዳይሆን አስጠነቀቀችኝ። ክንዴን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቼ አንጓዬን ወደ ላይ እንዳነሳ፣ ለጉልበቴም ተቀምጬ እግሬን እየዘረጋሁ እንድይዝ አሳየችኝ፤ ጠዋትና ማታ፣ ሳልሰለች።

«መቼ ይድናል?»

«ወራት ሊወስድ ይችላል። እስከዚያ የሚወድቅ ነገር አይያዙበት።»

የሚወድቅ ነገር! ምን እንደምይዝ ብታውቅ። ኋላ ሰኔ ላይ እጄ ተመልሶልኛል፤ ያኔ ግን ይህን ማን ነገረኝ? ስመለስ መንገዱን ሁሉ ያስፈራኝ እጄ መሆኑ ቀርቶ አስተዳዳሪው ሆኑ። በደነዘዘ እጅ ቀድሻለሁ፤ አውቄ ደብቄያለሁ። ከክህነትህ ውረድ ቢሉኝ ምን እላለሁ?

በሆሣዕና ዋዜማ አስተዳዳሪውን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ብቻቸውን አገኘኋቸው። እግራቸው ሥር ተቀምጬ ከጓሳው ሸክም ጀምሮ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የሕፃኑንም አልደበቅኩም። ቁጣቸውን አጎንብሼ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን «ለነገው ከጎረቤት አጥቢያ ቄስ እንለምናለን፤ አንተ እጅህን አስታም» አሉኝ።

«አልተቆጡኝም፣ አባቴ?»

«ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ አውቃለሁ። አንተ እስክትነግረኝ ስጠብቅ፣ ቅዳሴ ይታጎላል ብዬ እኔም ስፈራ ዝም አልኩ።» የሚንቀጠቀጥ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አኖሩ። «ከዚያ ወዲህ ልቤን ሰብስቤ ጸልዬ አላውቅም፣ ልጄ። መቅደስ ቆሜ እጅህን ነው የምጠብቀው።»